ዩኒቨርሲቲ ቤት ሲቀይር፦ ከግቢያችን ሰርቨር እስከ ኪራይ ክላውድ

የዘንድሮው የምሩቃን መጽሔታችን አዘጋጆች ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ፣ ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት ስለ አናቶሚ ክፍሉ ሽታ፣ ስለ ካፌው ሽሮ ወይም ስለ መጀመሪያዋ የዲዩቲ ሌሊት እንደሆነ አውቃለሁ። እሱን በሻይ ሰዓት እናወራዋለን። እኔ የመረጥኩት ማንም ሪባን ያልቆረጠለትን፣ የቡድን ፎቶ ያልተነሣለትን ነገር ነው። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤታችን የኦንላይን መማሪያውን ግቢ ውስጥ ከነበረው ሰርቨር አንሥቶ፣ ሌላ ድርጅት በክላውድ ላይ ወደሚያስተዳድርለት ሥርዓት አዛውሯል። ማኅበራችን በሽግግር ኮሚቴው ውስጥ አንድ ወንበር ተሰጥቶት ስለነበር፣ ያቺ ወንበር ለእኔ ደረሰች።

የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም፤ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ግን ሕመምተኛ ከአንድ ሆስፒታል ወደ ሌላ ሪፈር ሲጻፍለትና ካርዱ ከኋላ ሲቀር ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን። ሰውዬው ይደርሳል፤ ታሪኩ አይደርስም። አዲሱ ሐኪም ከዜሮ ይጀምራል። የዩኒቨርሲቲም ጉዳይ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

በእኛ ጊዜ የመማሪያ ሥርዓታችን ኮፒ ቤት ነበር። መምህሩ ማስታወሻውን ለባች ተወካይ ይሰጣል፤ ተወካዩ ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለው ኮፒ ቤት ያስቀምጠዋል፤ እኛ ተሰልፈን በገጽ ሳንቲም እየከፈልን እናባዛለን። ከላይኛው ባች የወረስነው ሐንድአውት ደግሞ ጠርዙ ላይ በእስክሪብቶ “ይህቺ ትመጣለች” የሚል ምክር ነበረው። ብዙ ጊዜ ትመጣ ነበር። ጉድለቱም የዚያኑ ያህል ነው፤ የኮፒ ኮፒ ሲነሣ የደረት ኤክስሬዩ ጥቁር ወረቀት ይሆናል፤ ሳንባውን በግምት ነበር የምናነበው። አንድ ጥንካሬ ግን ነበረው። ኮፒ ቤቱ በማግሥቱ ቢዘጋ እንኳ፣ ሐንድአውቱ በመቶ ዶርም፣ ከመቶ አልጋ ሥር ይገኛል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ቅጂው በሁሉም እጅ ነበርና።

ኤልኤምኤስ የሚባለው የኦንላይን መማሪያ ሥርዓት ሲመጣ ቅጂዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ተሰበሰቡ። መጀመሪያ የተሰበሰቡት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በሠሩት ቤት ውስጥ ነው። ካናዳ ውስጥ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር የነበረው መሬይ ጎልድበርግ፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ትምህርትን በኢንተርኔት መስጠት የተማሪዎችን ውጤትና እርካታ ያሻሽል እንደሆነ ያጠና ጀመር። ጥናቱን ለማካሄድ ብሎ የሠራቸው መሣሪያዎች አድገው ዌብሲቲ የተባለ ሥርዓት ወጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሥርዓቱ ወደ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ እጅ ገባ። በደጉ ዘመኑ በ80 አገሮች ከ10 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ይገለገሉበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ተፎካካሪው ብላክቦርድ ጠቀለለው፤ ስሙም ቀስ በቀስ ጠፋ። ዌብሲቲን የወለደው ዩኒቨርሲቲ ራሱ በብላክቦርድ ሥር ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ካንቫስ ወደሚባል ሌላ ኩባንያ ሥርዓት ተዛወረ። የሠራውን ቤት ሸጦ፣ ተከራይ ሆኖ ኖሮ፣ ቀጥሎም ሌላ ሰፈር ተከራየ ማለት ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ለእኛ ይቀርባል። ማርቲን ዱጊያማስ በልጅነቱ በምዕራብ አውስትራሊያ በረሃ፣ ትምህርት ቤት በሌለበት፣ በሬዲዮ ትምህርት ያደገ ሰው ነው። ኋላ ፐርዝ በሚገኘው ከርቲን ዩኒቨርሲቲ ዌብሲቲን ያስተዳድር ነበር። በሥርዓቱ ስላልረካ የራሱን መሥራት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2002 ሙድል የተባለውን ሥርዓት የመጀመሪያ ሙሉ እትም አወጣ። ሙድል ነጻ ነው፤ ማንም አውርዶ በራሱ ሰርቨር ላይ ይጭነዋል፤ ኮዱንም እንደፈለገ ይቀይረዋል። የውጭ ምንዛሪ ለሚያጥረው አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የእኛም ትምህርት ቤት የመጀመሪያ የኦንላይን ቤት ሙድል ነበር።

ሦስተኛው ካንቫስ ነው። ኢንስትራክቸር የሚባለውን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ዩታ ውስጥ የመሠረቱት ሁለት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ናቸው። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ለገበያ ሲቀርብ ዋናው አዲስ ነገር ዩኒቨርሲቲው ሰርቨር እንዳይገዛ፣ እንዳይጠግን፣ እንዳይጠብቅ ማድረጉ ነበር። ሁሉም ነገር የተቀመጠው በአማዞን ክላውድ ላይ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ኪራዩን ይከፍላል፣ ይጠቀማል፣ በቃ። ምቹ ነው። ነገር ግን አከራይ ይቀየራል። ኢንስትራክቸርን እ.ኤ.አ. በ2020 ቶማ ብራቮ፣ በ2024 ደግሞ ኬኬአር የተባሉ የኢንቨስትመንት ድርጅቶች ገዝተውታል። አከራዩም አከራይ አለው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 2025 የአማዞን ክላውድ ሲታወክ ካንቫስም አብሮ ወደቀ፤ በዚያን ዕለት የቤት ሥራውን መላክ ያቃተው ተማሪ ከአማዞን ጋር የተፈራረመው ምንም ውል አልነበረም።

ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ ታሪክ ሌላም የምንማረው አለ። ዩኒቨርሲቲው ወደ ካንቫስ በሚዛወርበት ወቅት የክፍለ ግዛቱ ሕግ የመንግሥት ተቋማት የሰዎችን የግል መረጃ ካናዳ ውስጥ እንዲያስቀምጡ ያስገድድ ነበር። ስለዚህ “ንብረታችንን የት ታስቀምጡልናላችሁ?” ብሎ መጠየቅ የአስተዳደሩ ምርጫ ሳይሆን ግዴታው ነበር። ይህቺን ጥያቄ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ከሩቅ የተዘጋጀ ትምህርት መቀበል ለእኛ አዲስ አይደለም። ትምህርት በሬዲዮን የማያስታውስ የዕድሜ እኩያዬ ያለ አይመስለኝም። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ፕላዝማ መጣ፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጾ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይለቀቅ ጀመር። ከእኛ በኋላ የመጡት ባቾች በእሱ ያለፉ ናቸው። የሚነግሩኝም አንድ ዓይነት ነው፦ ፕላዝማ ጥያቄ አይቀበልም፤ መብራት ከሄደም የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይሄዳል።

በሕክምናው በኩል በ1999 ዓ.ም. ሕንድ የፓን አፍሪካ ኢ-ኔትወርክን የሙከራ ሥራ በአገራችን ጀመረች። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሃይደራባድ ከሚገኘው ኬር ሆስፒታል ጋር ተገናኘ፤ የአዲስ አበባና የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ከኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ሜፒ የተባለው የአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ ለአፍሪካ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ሲሰጥ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ተጠቃሚ ነበር። በ2004 ዓ.ም. አዲስ የሕክምና ሥርዓተ ትምህርት ይዘው 13 ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ፣ የመምህር እጥረቱን በምን እንሙላው የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ከረረ። የአንዱ መምህር ትምህርት ለብዙ ግቢ የሚደርስበት መንገድ የግድ ሆነ።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ ተገኘ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ስላይድ በፍላሽ ሲያቀብሉ የኖሩ መምህራን ሁሉ በአንድ ሰሞን ወደ ኦንላይን ገቡ፤ ቴሌግራም የሁላችንም ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ያው ክረምት ሌላም ነገር አስተማረን። ከሰኔ 23 ቀን ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቨር በግቢው መስመር ኢንተርኔት ባይኖርም ይከፈታል። ክላውድ ላይ ያለው ግን አይከፈትም።

ዛሬ ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። የትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ከሻያሾኔ ጋር ሆኖ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የኦንላይን ትምህርትን እያስፋፋ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናም በኮምፒውተር ይሰጣል። ስለዚህ “ኦንላይን ይሁን አይሁን?” የሚለው ክርክር አልፏል። የቀረው ጥያቄ በማን ቤት፣ በምን ውል የሚለው ነው።

አሁን ወደ እኛ ግቢ። አሮጌው ሰርቨር ከላይብረሪው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነበር። ሙቀቱን የሚያበርድለት አንድ ቬንትሌተር፣ የሚጠብቀው አንድ ወጣት ባለሙያ ነው። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ሰርቨሩ ይወድቃል፤ ልጁ ፈቃድ ሲወጣ ደግሞ የሚያነሣው የለም። ይህን ሳይ ተዛወሩ የሚለውን ውሳኔ ልቃወም አልቻልኩም። በፈተና ሳምንት የወደቀ ሰርቨር የራሳችን ነው ብለን ብንኮራበት ለተማሪው ምን ይጠቅመዋል? አዲሱ ሥርዓት ፈጣን ነው፤ በስልክ ይከፈታል፤ ሌሊትም ቢሆን የሚጠብቀው ሰው አለው። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ተማሪዎቹ ወደውታል።

ሆኖም የአሮጌው ሰርቨር መዝጊያ ቀን የተቆረጠው በአዲሱ ውል ፊርማ እንጂ በመምህራን ምክር አልነበረም። በአንዱ ስብሰባ ባለሙያው “ኮርሶቹ በሙሉ ሄደዋል ዶክተር፤ አይስጉ” አለኝ።

“ስላይዱ፣ ጥያቄው፣ ሁሉም?”

“ሁሉም።”

“ተማሪዎቹ የተወያዩበትስ?”

“እሱ አይሄድም” አለኝ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ልጁ እውነቱን ነው። አንድ ኮርስ ከአንድ ሥርዓት ወደ ሌላ የሚጓዝበት ኮመን ካርትሪጅ የሚባል የጋራ የፋይል ዓይነት አለ። ጽሑፉን፣ ሊንኩን፣ የፈተና ጥያቄውን፣ የውይይቱን ርዕስ ይዞ ይሄዳል። ተማሪው የመለሰውን፣ መምህሩ ያረመውን፣ ሌሎች የጨመሩበትን ግን አይዝም። ሙድል በራሱ መንገድ ኮርሱን ከነተጠቃሚዎቹ መጠባበቂያ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ታዲያ ያንን በሙሉ መልሶ የሚከፍተው ሌላ ሙድል ነው። ባጭሩ ሶፋው ተጫነ፤ ሶፋው ላይ ሲወራ የኖረው ቀረ።

ለምን እንደደነገጥኩ ልንገራችሁ። ከውስጥ ደዌ መምህሮቻችን አንዱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በአሮጌው ሥርዓት ላይ “ሕመምተኛው ምን አለ?” የሚል የውይይት ገጽ ከፍተው ነበር። ደንቡ ቀላል ነው። ዋርድ የገባ ተማሪ ሁሉ ሕመምተኛው ሕመሙን የገለጸበትን ቃል እንዳለ ይጽፋል፤ የመጣበትን አካባቢ ይጨምራል፤ ምርመራው ሲያልቅ ምን ሆኖ እንደተገኘ ተመልሶ ይሞላል። በየባቹ እየተጨመረበት አደገ። “ምች መታኝ” ያለው ሰው አንዱ ጋ የከንፈር ቁስል፣ ሌላው ጋ ወባ ሆኖ ይገኛል። “ልቤን ያቃጥለኛል” ያለች ሁሉ የልብ በሽተኛ አይደለችም፤ ብዙ ጊዜ የምታሳየው የጨጓራዋን ቦታ ነው። ውጋት፣ ቁርጥማት፣ የወፍ በሽታ፣ አልማዝ ባለጭራ፣ ሁሉም ከነአገሩና ከነውጤቱ ተመዝግቧል። መማሪያ መጽሐፎቻችን በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ሕመምተኞቻችን ግን በእንግሊዝኛ አያማቸውም። በሁለቱ መካከል ያለውን ድልድይ ተማሪዎቻችን ቃል በቃል ሲገነቡ የኖሩት በዚያ ገጽ ላይ ነው። እሱን ደግሞ ከየትም ገዝተን አናመጣውም።

ሰርቨሩ ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሁለት ሬዚደንቶች፣ ያ ባለሙያና እኔ ተቀመጥን። ገጹን አውርደን እየተከፋፈልን አነበብነው። መምህሩ ራሳቸው የጀመሩበት የመጀመሪያ የቃላት ዝርዝር አልነበብ አለን። የእኛ ፊደል በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዝርዝሩ የተተየበው ግን በድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች ነበር። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ይወጣል። ባለሙያው የድሮውን ፎንት ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ፈልጎ አገኘና አንድ በአንድ መልሰን ተየብነው።

ሌላም ያገኘነው ነገር ነበር፤ እንቅልፍ የሚነሣው እሱ ነው። አንዳንዱ ጽሑፍ ውስጥ የካርድ ቁጥር አለ። በየኮርሱ ስላይድ ውስጥ ፊታቸው ያልተሸፈነ ሕመምተኞች፣ ጥጉ ላይ ሙሉ ስም ያለበት ኤክስሬይ አለ። ያ ሁሉ ግቢያችን ውስጥ በነበረበት ጊዜም ትክክል አልነበረም። አሁን ግን በማናውቀው አገር፣ በማናውቀው ሰርቨር ላይ ሊቀመጥ ነው። ያቺ እናት ፎቶ ሲነሡ የፈቀዱት ለፊታቸው ለቆመው ሐኪም ነበር። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በሕግ ተገድዶ የጠየቀው ጥያቄ እዚህ ጋ የእኛም ይሆናል። አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለን ጥያቄው የጨዋነት ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በገጹ ላይ የነበሩትን ቁጥሮች አጠፋን፤ ስላይዶቹን እንዲያጸዱ ለየትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ተጻፈ። ገሚሶቹ ወዲያው አጸዱ፤ ገሚሶቹ ገና ናቸው።

“ሕመምተኛው ምን አለ?” ተርፏል። አንዱ ቅጂ ታትሞና ተጠርዞ ላይብረሪ ገብቷል፤ ሌላው በማኅበራችን ዲስክ ላይ ነው፤ ሦስተኛው በአዲሱ ሥርዓት ላይ ተከፍቶ የዘንድሮ ተማሪዎች እየጻፉበት ነው። የሌሎች ትምህርት ክፍሎች ውይይቶች ግን አልተረፉም። የሕፃናት ሕክምናው፣ የማኅፀኑ፣ የኅብረተሰብ ጤናው፣ በኮቪድ ወራት ከየቤታቸው ሆነው የተጻጻፉት ሁሉ ከሰርቨሩ ጋር ጠፍቷል። በዚያን ሰሞን ኢንተርን የነበራችሁ ልጆች፣ የጻፋችሁት ዛሬ የለም።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አባቶቻችን። በሰው ሰርቨር ላይ ያለ ጽሑፍ ግን ውሉ እስካለ ድረስ ብቻ ነው የሚወረሰው። መከራየት ነውር አይደለም፤ ካናዳም ተከራይቷል። ተከራይ ግን ውሉን ያነባል። የእኛ ውል በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳልና፣ በሚቀጥለው ጊዜ ወንበሯ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ለኮሚቴው የሰጠሁትን ሐሳብ እዚህም ላኑር። በየሴሚስተሩ መጨረሻ የኮርሱ ሙሉ ቅጂ፣ ከነውይይቱ፣ ግቢ ውስጥ ይቀመጥ። ውል ሲቋረጥ መረጃው በሌላ ሥርዓት በሚነበብ መልክ እንዲመለስልን በጽሑፍ ይስፈር። አሮጌው ሥርዓት ከመዘጋቱ በፊት ቢያንስ ለአንድ ሴሚስተር ለንባብ ብቻ ክፍት ሆኖ ይቆይ። የሕመምተኛ ምስል ስምና ፊት ሳይሸፈን አይጫን። ይህን ሁሉ የሚከታተል፣ በስም የሚታወቅ አንድ ሰው ይኑር። አምስቱም ቢደመሩ ከአንድ የመኪና ጎማ ዋጋ ብዙም አይበልጡም፤ የሚጠይቁት አስቀድሞ ማሰብን ነው።

ከእናንተ ከምሩቃን የምፈልገው ደግሞ ቀላል ነው። ለስብሰባችን ስትመጡ ከአልጋ ሥር፣ ከእናታችሁ ቤት ካርቶን ውስጥ የቀሩትን ሐንድአውቶች ይዛችሁ ኑ። የኮፒ ኮፒም ቢሆን፣ ጠርዙ የተቀደደም ቢሆን። በኮቪድ ጊዜ የተማራችሁ ደግሞ በስልካችሁ ያስቀራችሁት የውይይት ፎቶ ካለ አታጥፉት፤ አምጡት። በላይብረሪው መግቢያ ጠረጴዛና ስካነር ይኖራል፤ እኔም ጠዋት ከ3 ሰዓት ጀምሮ እዚያው አለሁ። የሕመምተኛ ስም ያለበትን ገጽ ግን ከመስጠታችሁ በፊት አሳዩኝ፤ አብረን እንሸፍነዋለን።